የከሸፈችው ጥይት የማን ናት?

እሸት ቡና በሚለቀምበት ወራት ገደብ ውስጥ ሥራ የፈታ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ልጁም ሽማግሌውም ማሳ ውስጥ ነው፤ ማሳ ያልገባው ማጠቢያ ጣቢያ በር ላይ ወረፋ ይዟል። ቀኑን የት እንደሚያሳልፍ የሚጨነቀው ለለቅሶ የመጣ እንደ እኔ ያለ እንግዳ ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ ከአዲስ አበባ ተነሥቼ በዲላ፣ በወናጎ፣ በይርጋጨፌ አድርጌ ገደብ የገባሁት አጎቴን ልቀብር ነበር። ሦስቱን ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀመጥን። በአራተኛው ቀን እግሬ ራሱ መርቶ ወደ አንድ የቆርቆሮ ጋራዥ ወሰደኝ።

ባለጋራዡ አብሮ አደጌ ነው። ወፍጮ ይጠግናል፣ ጄኔሬተር ይጠግናል፣ የውሃ ፓምፕ ይጠግናል፤ በዚያ ወቅት ግን ሥራው ሁሉ የቡና መፈልፈያ ነው። የጋራዡ መሬት ግሪስና ናፍጣ ጠጥቶ ጠቁሯል። ግድግዳው ላይ ቺንጋ ተንጠልጥሏል፣ ጥጉ ላይ ያረጀ ኩሽኔታ ተከምሯል፣ ሞርሳው ያለበት ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ቡሎን የሞላባቸው የወተት ዱቄት ቆርቆሮዎች ተደርድረዋል። የሚፈልገውን ቡሎን ሲያጣ ጊዜ አንደኛውን ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። ከቡሎኖቹ መሃል አንዲት አጭር፣ ወፈር ያለች፣ አረንጓዴ ዝገት የጀመራት የሽጉጥ ጥይት ተንከባልላ ወጣች።

«ይቺን ታውቃታለህ?» አለኝ።

አወቅኳት። አይቻት ግን አላውቅም ነበር። የማውቀው ድምፅዋን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1986 ዓ.ም. ክረምት አባቴና አጎቴ በድንበር ተጣሉ። የሁለቱን ቡና የሚለየው አንድ የዋንዛ ዛፍ ነበር። ዋንዛው ተቆረጠ። ማን ቆረጠው፣ ለምን ተቆረጠ፣ ግንዱ ለማን ይገባል የሚለውን እስከ ዛሬ የሚከራከሩበት ዘመዶች አሉኝ፤ እኔ አልገባበትም። ብቻ አንድ ቀን፣ ጉም መሬት ላይ ተኝቶ ሳለ፣ አጎቴ ከአያቴ የወረሳትን የጣሊያን ቤሬታ ይዞ መጣ። ጣሊያን ሲወጣ በየጓዳው ከቀሩት አንዷ ናት። የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ በራፍ ላይ ቆሜያለሁ። አባቴ አልሮጠም። አጎቴ እጁን ዘረጋ፣ ቃታውን ሳበ።

ቀጭ።

ይኸው ነው። አባቴ ዛሬም በሕይወት አለ። አጎቴም ከዚያ ወዲያ ሠላሳ ዓመት ኖሮ፣ በሽታ ጥሎት፣ በወግ በማዕረጉ ተቀበረ። ጥይቷ በሱቅ የተገዛች አልነበረችም። በቤት ውስጥ ዳግመኛ የተሞላች ናት። የሞሏት ደግሞ የዚህ የባለጋራዡ ወዳጄ አባት ናቸው። በጦሩ ውስጥ የመሣሪያ ጥገና ሠራተኛ ነበሩ፤ በ1983 ዓ.ም. ጦሩ ሲበተን ፒንሳቸውንና ካቻቢቴያቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ገደብ ገቡ። ሰው የአያቱን ጠብመንጃ እየያዘ ይመጣባቸው ጀመር። ጥይት አልነበረም። እናም ቀለህ እየሰበሰቡ፣ እርሳስ እያቀለጡ፣ ባሩድ እየፈለጉ ይሞሉ ነበር። የቀለሁ ቂጥ ላይ ያለችው እሳት የምትጭረው ትንሽ ቆብ እንደ ልብ ስለማትገኝ በእሷ ምትክ የሚሠሩት መላ ነበር ይባላል። መላውን እዚህ አልዘረዝርም፤ ጋዜጣ የሚያነበው ሰው ሁሉ እንደ እናንተ ጨዋ አይደለም።

ዳግመኛ መሙላት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በምኒልክ ዘመን ውጅግራ የምንላት የፈረንሳይ ጠብመንጃ ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ገበያ ላይ እየተቆጠረች ዕቃ ይገዛባት ነበር። ጥይት ገንዘብ በሆነበት አገር ቀለህ የሚጥል ሰው የለም። ተተኩሶ የወደቀው ይለቀማል፣ ይሞላል፣ እንደገና ይዞራል። መቼም የተሞላችው ከፋብሪካ ከወጣችው ጋር እኩል አትታመንም። አንዷ ታጮኻለች፣ አንዷ ታጨሳለች፣ አንዷ ዝም ትላለች። ዝም ያለችዋን «ከሸፈች» እንላለን።

ቃሏ ከዚያው ከጠብመንጃው ነው የመጣችው። ዛሬ ዕቅድ ይከሽፋል፣ ትዳር ይከሽፋል፣ ምርጫ ይከሽፋል። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በ2005 ዓ.ም. ባወጡት መጽሐፋቸው ርዕስ ላይ መክሸፍን ለአንድ አገር ታሪክ ሁሉ አውለውታል። እንዲህ ሲሆን መክሸፍ ሁልጊዜ ኀዘን ነው፤ ሊሆን የሚገባው ሳይሆን መቅረቱ ነው። የእኛ ቤት ግን በመክሸፍ የቆመ ቤት ነው። ጥይቷ ባትከሽፍ ኖሮ እኔ የሟች ልጅ፣ የአጎቴ ልጆች የገዳይ ልጆች፣ ሁላችንም ደመኞች ነበርን።

ያኔ ነገሩ ወደ ሶንጎ ሄደ። ሶንጎ ጌዴኦዎች ለፍርድና ለምክር የሚሰበሰቡበት ሸንጎ ነው። ደም ከፈሰሰ መንገዱ ይታወቃል፤ በጌዴኦና በጉጂ መካከል እንኳ ነፍስ ሲጠፋ ጎንዶሮ የሚባል የዕርቅና የመንጻት ሥርዓት አለ። እዚህ ግን ደም የለም። አንዱ ሽማግሌ «ምን ሆነ? ምንም አልሆነም! ማንም አልሞተም፤ ስለዋንዛው ብቻ እንነጋገር» አሉ። ሌላው ተነሡና «ሁሉም ሆኗል። የቀረው ድምፁ ብቻ ነው» አሉ። የልጅነት ጆሮዬ የያዘው ይህንን ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ ጥያቄውን ከእኚህ ከሁለቱ ሰዎች አሳጥሮ ያስቀመጠው አላገኘሁም።

በእርግጥ የውጭዎቹም ተጨንቀውበታል። ካንት በጎ ፈቃድ ምንም ነገር ሳያስከትል ቢቀር እንኳ ዋጋው እንደማይጎድል ጽፏል። እንግዲህ በጎው እንዲህ ከሆነ ክፉው ፈቃድም ጥይቱ ስለከሸፈ አይቀልም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ በርናርድ ዊልያምስና ቶማስ ኔግል የሚባሉ ሁለት ፈላስፎች ተነሥተው «ቆይ እስቲ፣ በተግባር እኮ ሰውን እንዲህ አንፈርድም» አሉ። ሁለት ሰዎች በአንድ ልብ ቢተኩሱና አንደኛው ቢስት፣ አንዱን ነፍሰ ገዳይ ሌላውን ሞካሪ እንላለን። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ዕድል ብቻ ነው። ዕድል እንዴት የሰውን ነፍስ ያከብዳል ወይም ያቀልላል? ጥያቄውን «የሞራል ዕድል» አሉት። መልስ ግን አላበጁለትም። ኔግል ራሱ መፍትሔው እንደማይታየው ነው የጻፈው።

ሕጋችን ደግሞ ከፈላስፎቹ ይልቅ ወደ ጋራዡ ይቀርባል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 27 ሙከራን ይቀጣል፤ መነሻው ሊፈጸም ለታሰበው ወንጀል የተደነገገው ቅጣት ነው፣ ዳኛው ሁኔታውን አይቶ ሊያቀልል ይችላል። አንቀጽ 28 ጀምሮ በገዛ ፈቃዱ የተወውን ሰው ለብቻው ያያል። አንቀጽ 29 ደግሞ የተያዘው መሣሪያ ወንጀሉን ፈጽሞ ሊያደርስ የማይችል ከሆነ ዳኛው ያለ ገደብ ቅጣቱን እንዲያቀልል ይፈቅዳል። ልብ በሉ! አጎቴ ሙሉ ሞካሪ ነው ወይስ የማይቻለውን የሞከረ ምስኪን የሚለው የሚወሰነው በአጎቴ ልብ ብቻ አይደለም ማለት ነው። የወዳጄ አባት ጥይቷ ውስጥ ምን እንደጨመሩ ወይም እንዳልጨመሩ ይወስነዋል። አጎቴ ይህንን አያውቅም። እጁን ሲዘረጋ ጥይቷን አምኗት ነው የዘረጋው።

እና እኚህ ሰው ምን ነበር የጨመሩት?

ይህ ነው ከልጅነታችን ጀምሮ በእኔና በወዳጄ መካከል የነበረው ሹክሹክታ። አባቱ የሁለቱን ወንድማማቾች ጠብ ያውቁ ነበር፤ ገደብ ያኔ ትንሽ ከተማ ናት። አጎቴ መጥቶ «ሙላልኝ» ሲላቸው ለምን እንደፈለጋት አልጠፋቸውም ይባላል። አንዳንዱ ሰው «አውቀው ነው ያከሸፏት» ይላል። ሌላው «እጃቸው ደክሞ ነው፤ በዚያ ዓመት የሞሉት ግማሹ አይጮህም ነበር» ይላል። ሶንጎው ተጠርተው ሲጠየቁ የመለሱት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሥራዬ ተበላሽቷል»። ሽማግሌዎቹ ጥይቷን ከቤሬታዋ አውጥተው «የሠራሃትን ውሰድ» ብለው ሰጧቸው። ሰውዬው ከዚያ በኋላ ጥይት ሞልተው አያውቁም። ወፍጮ ጥገና ውስጥ ገቡ፤ ልጃቸውም ከዚያው ወረሰ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔ ሁልጊዜ «አውቀው ነው» የሚለውን ወገን ነበርኩ። አባቴ በአንድ ደግ ሰው ጥበብ ተረፈ ማለት በአንድ ሰነፍ ሰው ስሕተት ተረፈ ከማለት ይሻለኛል። ግን ስሜት ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። ደግሞስ ቢሆን፣ አውቀው ከሆነ ጥሩ ሠርተዋል ወይ? ገንዘብ ተቀብለው የማይሠራ ዕቃ ሰጥተዋል። «አልሠራልህም» ማለት ሲችሉ ዋሽተዋል። እምቢ ቢሉት ግን አጎቴ ሌላ ቦታ ሄዶ የምትሠራ ያገኝ ነበር። ፊት ለፊት እምቢ ያለ ሰው ንጹሕ እጁን ይዞ ይቀመጣል፣ አባቴ ግን ይሞታል።

የእጅ ባለሙያ ሁሉ አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ይደርስበታል። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያስቀመጧቸው አውሮፓውያን ሊሰብኩና በእጅ ሥራ ሊኖሩ የመጡ ሰዎች ነበሩ። ንጉሡ መድፍ ሥሩልኝ ሲሏቸው አንችልም አሉ፤ ተገደው ሞከሩ፤ በመጨረሻ ሴባስቶፖልን የሚያህል ነገር አፈሰሱ። ሌላው ይቅርና ክላሽን የሠራው ሚኻይል ካላሽኒኮቭ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 በ94 ዓመቱ ከመሞቱ በፊት ለሩሲያው ፓትርያርክ ደብዳቤ ጽፎ ነበር፤ ጠብመንጃዬ የሰው ሕይወት ካጠፋ በዚያ ሞት እኔ ጥፋተኛ ነኝ ወይ የሚል የነፍስ ጥያቄ። ከቤተ ክርስቲያኒቱ ወገን የተሰጠው መልስ መሣሪያው አገር ለመጠበቅ ከሆነ ቤተ ክርስቲያን ትደግፋለች የሚል ነበር። እኔ ካላሽኒኮቭን ብሆን በዚህ መልስ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሰውየው የጠየቀው ስለ አገር አይደለም፣ ስለ ራሱ ነው። የሚገርመው ደግሞ የዚህ ሰው መሣሪያ ዝናው አለመክሸፉ ነው። ጭቃ ገብቶበት፣ ውሃ ጠጥቶ ይተኩሳል። የገደቡ ባለሙያ የሠራው ግን ከሸፈ። ታዲያ ከሁለቱ ማንኛው ነው የተሻለ ሥራ የሠራው?

ብዬ ስጠይቅ ወዳጄ ተቆጣ።

«ተው እንጂ!» አለኝ። «መጥፎ ሥራ መጥፎ ነው። ሳያውቁ ከሆነ ያበላሹት ምስጋና የለውም። አሜሪካ ያለውን ልጅ ለምን አትጠይቀውም? እሱ ይነግርሃል።»

አሜሪካ ያለው ልጅ ማለት የሟቹ አጎቴ ልጅ ነው። ኮሎራዶ ይኖራል። ለአባቱ ቀብር አልደረሰም። እናላችሁ፣ ይህ ልጅ ቤቱ ውስጥ ጥይት ይሞላል። መኪና ማቆሚያው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ በቡሎን የታሰረ መጫኛ አለው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የተኮሰበትን ቀለህ አጥቦ ራሱ እየሞላ ለዒላማ ተኩስ ይሄዳል። እዚያ ለራስ መጠቀሚያ መሙላት የተፈቀደ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው የሚሠራው ዋጋውን ለመቆጠብና ለጨዋታው ብሎ ነው። እዚህ ግን ያለ ፈቃድ ጥይት መያዝንም መሥራትንም አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይከለክላል። አንድ ሥራ በአንድ ዘር ውስጥ እንዴት እንዲህ እንደሚዞር አላውቅም።

ደወልኩለት። የማን ጥይት እንደሆነች አልነገርኩትም። ለዓምዴ የምጽፈው ነገር አለ አልኩት። ዋሸሁት ማለት አይቻልም፣ እውነቱንም አልነገርኩትም።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ቂጧን እዩ» አለኝ። «መርፌው የመታት ምልክት አለ?»

አለ።

«ጥልቅ ነው ወይስ የጫረ ያህል ነው? የጫረ ያህል ከሆነ ጥፋቱ የሽጉጡ ነው። ሞላው ደክሟል፣ ወይ መርፌው ቆሻሻ ይዟል። ጥልቅ ከሆነ ጥፋቱ የጥይቷ ነው።»

ወዳጄ በላምባ የራሰ ጨርቅ አምጥቶ ዝገቱን ጠረገላት። አጉሊ መነጽር አለው፤ አደረገው። ጥልቅ ነው። እንግዲህ አጎቴ፣ ሽጉጡና ሞላው ሥራቸውን ጨርሰዋል።

ልጁ ቀጠለ፤ እውቀቱ አስደነቀኝ። ቆቧ ተመትታ ዝም ካለች ወይ በደንብ ገብታ አልተቀመጠችም፣ የመርፌውን ምት በመግባት ጨርሳዋለች፤ ወይ ዘይት ወይ እርጥበት ነክቷታል። የባሩዱ መጉደል አይደለም፤ ባሩድ ባይኖር እንኳ ቆቧ ብቻዋን «ጵስ» ትላለች። «እንደሱ ያለችዋ ናት ሰው የምትጎዳው» አለኝ። ባሩድ ሳይገባባት የተዘጋች ጥይት ስትመታ የቆቧ ኃይል አረሩን አፈሙዙ ውስጥ ገፍቶ መሃል ላይ ይሰነቅረዋል። ተኳሹ ከሸፈ ብሎ ሌላ ያጎርሳል፣ ይተኩሳል። ሁለተኛዋ የተሰነቀረውን ታገኘዋለች፣ አፈሙዙ ይሰነጠቃል። «ስለዚህ ደካማ ድምፅ ከሰማሁ አቆማለሁ። ምንም ብቸኩል አቆማለሁ። ጨርሶ ዝም ያለችዋም ብትሆን ዘግይታ ልትነሣ ስለምትችል አፈሙዙን ወደ ዒላማው አድርጌ ቆሜ እጠብቃለሁ። ስሞላም አረሩን ከመክደኔ በፊት እያንዳንዱን ቀለህ በባትሪ ውስጡን አየዋለሁ፤ ባሩድ መስፈሪያው አንዳንዴ ይይዛል፣ አንዱን ባዶ አድርጎ ቀጣዩን እጥፍ ይሞላል።»

ወዳጄ ድምፅ ማጉያው ላይ እየሰማ በጭንቅላቱ ይስማማል። በኋላ «የገባህ አሁን ነው?» አለኝ። ገብቶኛል። ሰውዬው በስንፍና ከነበረ የሞሏት፣ ያቺው ስንፍና በሌላ ቀን እጥፍ ባሩድ ሆና የአጎቴን ዓይን ታወጣ ነበር። አባቴን ያዳነችው ስንፍና ናት ብዬ ላመሰግናት አልችልም፤ ማንን ልታድን ማንን ልትጥል እንደሆነ አታውቅም። ምስጋና የሚገባው ለሚያውቅ እጅ ነው። ስለዚህም ነበር ሰውዬው አውቀው እንደሆነ የግድ ማወቅ የፈለግሁት።

«ባሩድ አላት የላትም ሳልከፍታት ላውቅ እችላለሁ?» አልኩት። ከጉጂ በኩል ወርቅ የሚመዝኑ ሰዎች ገደብ ስለሚያልፉ ሚዛን አይጠፋም።

«አይሆንም ጋሼ። የሽጉጥ ባሩድ የግራም ሩብ ገደማ ናት። በእጅ የፈሰሰ እርሳስ ራሱ ከዚያ በላይ ይለያያል። ይነቅንቋት፤ ከተንሿሿች አላት።»

ነቀነቅናት። ዝም አለች። ባዶ ከሆነች ዝም ትላለች፤ እስከ አፏ ከሞሏትም ዝም ትላለች።

ከዚያ ነው ልጁ ያልጠበቅኩትን የጠየቀኝ። «ስንት ምልክት አላት?»

«እንዴት ስንት?»

«መርፌው ስንት ጊዜ መቷታል? አንዳንድ ጥይት በመጀመሪያው ዝም ብላ በሁለተኛው ትነሣለች። ሽጉጡ ምንድን ነው?»

ቤሬታ አልኩት፤ የጣሊያን፣ የድሮው።

«እንግዲያው መዶሻውን በአውራ ጣት ወደ ኋላ ሳትስብ ሁለተኛ አይመታም። ሁለት ምልክት ካለ ሰውዬው አስቦ ደግሞታል ማለት ነው።»

ስልኩን ይዤ ቀረሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስለ ጥይቷ ሳስብ አንድ ጊዜም ስለ ሁለተኛው ቅጽበት አስቤ አላውቅም። የመጀመሪያው ቀጭ የዕድል ነው፤ ወይም የባለሙያው ነው። ከቀጭ በኋላ ያለው ግን የማንም አይደለም፣ የአጎቴ ነው። መዶሻውን በአውራ ጣቱ ስቧል ወይስ እጁን አውርዷል? እስከዚያ ያነበብኩት ፍልስፍና ሁሉ ቃታው ላይ ያበቃል፤ ሕይወት ግን ቃታው ላይ አያበቃም። ከሸፈብኝ ያለ ሰው ቀጥሎ የሚያደርገው ነገር ከመተኮሱ የበለጠ ማንነቱን ያሳየኛል። ድንኳኑ ውስጥ ስናለቅስ ከእኛ ከዘመዶቹ አብልጠው ያለቀሱ ሰዎች ነበሩ። በ2010 ዓ.ም. ከምዕራብ ጉጂ ተፈናቅለው ገደብና ጎቲቲ በፈሰሱት መቶ ሺዎች መካከል የነበሩ ናቸው። አጎቴ ስንት ቤተሰብ በጓሮው አስጠልሎ እንሰቱን እየፋቀ እንዳበላ ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ያቺው እጅ ናት። ጥይቷ ብትጮህ ኖሮ ያ ጓሮ አይኖርም ነበር። ታዲያ እነዚያ ልጆች ደግሞ በማን ዕድል ነው የተረፉት?

ወዳጄ አጉሊውን አንሥቶ ወደ በሩ ብርሃን ወጣ። ረጅም ጊዜ አየ።

«አንድ ነው» አለ። ከዚያ አዙሮ አየና «ወደ ጎን ትንሽ ሰፋ ያለ ይመስላል» አለ።

ልጁ በስልኩ «በአንድ ሽጉጥ ሁለቴ ብትመታም እዚያው ቦታ ላይ ልታርፍ ትችላለች፤ ለውጡ ላይታይ ይችላል» አለ። ቆየት ብሎ «ጋሼ» አለኝ፤ «ይቺ ጥይት የአባቴ ናት አይደል?»

ነው አልኩት። ሌላ ምን ልል እችላለሁ? ይቅርታም ጠየቅኩት። ብዙ ዝም አለ። «እናቴ ነግራኛለች» አለኝ በመጨረሻ። «እኔ ስንት ምልክት እንዳላት ነበር ሁልጊዜ ማወቅ የምፈልገው። ሌላው ግድ አልሰጠኝም።» እሱ ገና ድሮ እዚያ ደርሶ ነበር፤ እኔ ነኝ ሠላሳ ዓመት የዘገየሁት።

ማታ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ፀሐይዋ ስትጠልቅ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። «አባባ» አልኩት፣ «ያን ቀን ድምፁን ስንት ጊዜ ሰሙት?»

ቶሎ አልመለሰልኝም። «የእናትህን ጩኸት ነው የሰማሁት» አለ።

«ከዚያ በፊትስ? ቀጭ ያለው አንዴ ነው ሁለቴ?»

«ሽጉጥ የተደቀነበት ሰው ይቆጥራል ብለህ ነው?» አለኝና በጌዴኡፋ አንድ ነገር አከለ፤ ወደ አማርኛ ሳመጣው ይጎመዝዝብኛል፣ ትቼዋለሁ። ከዚያ ስለ አጎቴ የመጨረሻ ሰሞን ማውራት ጀመረ፤ ሲታመም በየማለዳው ሄዶ የሚያስቀምጠው፣ ፊቱን የሚያጥብለት እሱ ነበር። ስለ ጥይቷ ደግሜ አልጠየቅኩትም።

መክፈት እንችል ነበር። ሞርሳም ፒንሳም አለ፤ ወዳጄ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆየች ጥይት ሞርሳ ላይ አልሰቅልም አለ። «የእኔ አባት ዋሽቶ እንደሆነ ወይም ሰንፎ እንደሆነ ማወቅ አልፈልግም» ሲል ግን ምክንያቱ ሞርሳው ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። እኔ እፈልግ ነበር። ጥይቷ ግን የእኔ አይደለችም።

በማግስቱ ጠዋት አብረን ፖሊስ ጣቢያ ወስደን አስረከብናት። ተረኛው ወጣት ልጅ ነው፤ ያን ጊዜ አልተወለደም። ገለባብጦ አያትና «ትሠራለች?» አለን።

ወዳጄ «አይታወቅም» አለ።

ልጁ መዝገቡ ላይ «የሽጉጥ ጥይት፣ 1» ብሎ ጻፈ። ፈረምን። ወዳጄ ሰዓቱን አየ፤ አንድ መፈልፈያ ዲስኩ እየሰበረ ፍሬውን ከነገለባው እያሳለፈ ነው፣ ሰልፉ እስከ መንገዱ ደርሷል ተብሎ ከሌሊቱ ጀምሮ ሲደወልለት ነበር።